ከአሥር ስንት?

ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዋን እርምጃ ልብ ብላችኋት ታውቃላችሁ? ጤነኛ ሰው ልብ አይላትም። እኔ ግን ለወራት ያህል ከእንቅልፌ ስነቃ ቀድማ የምትመጣብኝ ሐሳብ እርሷ ነበረች። እግሬን ወለሉ ላይ ሳሳርፍ ከቀኝ ተረከዜ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በኋላ በኩል፣ አንድ ሰው ገመድ አስሮ የሚጎትተኝ ይመስለኛል። ግድግዳውን ይዤ እያነከስኩ እስከ መታጠቢያ ቤት እሄዳለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይለቀኛል። ስለሚለቀኝም ለማንም አልናገርም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ሕመም ነው፤ ስለ ጅማት። ነገር ግን ስለ ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ በሕመሙ ዙሪያ ስለዋሸሁት ውሸትም ጭምር ነው። ሁለቱን ለይቼ ልጽፍላችሁ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ነገሩ የጀመረው በነሐሴ ነው። የወጣቶች ኅብረታችን በዚያ ዓመት በታላቁ ሩጫ አብሮ ሊሮጥ ወሰነ። እኔ የቅዳሜ ክፍል አስተማሪያቸው ነኝና «ቲቸር፣ አንተ አትሮጥም እንዴ?» ሲሉኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። ዕድሜዬ 33፣ ሆዴ ቀደም ቀደም ማለት የጀመረ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ታክሲ ለመያዝ ካልሆነ በቀር ያልሮጥኩ ሰው ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት በየቀኑ አምስት አደረግሁት፤ አስፋልት ላይ፣ ሶሉ ባለቀ ጫማ። ከፊቴ የ17 ዓመት ልጆች ይሮጡ ነበር፤ እነርሱ እያዩኝ መቆም አልፈለግሁም። እውነቱ ይኸው ነው።

አዲስ ዓመት ሳይውል ሳያድር ተረከዜ መናገር ጀመረ። የሚገርመው ሕመሙ ተንኮለኛ ነው። ስትጀምሩ ያማችኋል፤ ጥቂት ከሮጣችሁና ከሞቃችሁ በኋላ ይጠፋል፤ «አበቃ፣ ዳንኩ» ብላችሁ ትጨርሳላችሁ፤ በማግሥቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ እጥፍ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔ ያደረግሁት ሁላችሁም የምታደርጉትን ነው። ማታ ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃና በጨው ነከርኩ። የዲክሎፌናክ ቅባት ገዝቼ ቀባሁ። ሰፈራችን ያሉ አንድ ወጌሻ ባቴን በቅቤ አሹኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ። ደግ ሰው ናቸው፤ ገንዘብም አልተቀበሉኝም። ለሁለት ቀን ቀለለኝ፤ ከዚያ ተመለሰ።

በጥቅምት የቤተ ክርስቲያናችን የጾምና የጸሎት ሳምንት ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ጉባኤ ስለነበረ አልሮጥኩም። አርብ ማታ ለሕሙማን ሲጸለይ እኔም ወደ ፊት ወጣሁ። ሽማግሌዎች እጃቸውን ጫኑብኝ። በዚያች ሰዓት እግሬን ሳነሣና ስጥል ምንም አልተሰማኝም። ማይክሮፎን ተሰጠኝ። «ጌታ ፈጽሞ ፈወሰኝ» አልኩ፤ መድረኩ ላይም ዘለልኩ። ወጣቶቹ ከሁሉም በላይ ጮኹ። እልልታው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሩጫ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰ።

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑና አስቡት። በሰው ሁሉ ፊት ዘልያለሁ። የዘለልኩት በስልክ ተቀርጿል። አሁን ሄጄ ምን ልበል? «ተመልሶብኛል» ብል ጌታን የማሳፍር መሰለኝ፤ ደግሞም ራሴን። «ጠላት ፈውሴን ሊሰርቅ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ኅዳር ላይ ከመሮጤ በፊት ሁለት የሕመም ማስታገሻ እንክብል ዋጥኩና አሥሩን ኪሎ ሜትር ጨረስኩ። ፎቶው ላይ እስቃለሁ። በማግሥቱ ጅማቴ ላይ አውራ ጣት የምታህል እብጠት ነበረች፤ ስነካት ታምማለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የትወና ጊዜ ነው። ቅዳሜ ከወጣቶቹ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ሲመጡ ቆሜ እንዲያገኙኝ እንጂ ስራመድ እንዳያዩኝ። ትምህርቱን ከጨረስኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ስለማነክስ፣ ሁሉም እስኪወጣ «ማስታወሻ ልጻፍ» እላለሁ። አንድ ሰው በውሸት ውስጥ ምን ያህል ሥርዓታማ ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው።

የካቲት ላይ ኪቦርድ የምትጫወተው እህታችን ከትምህርት በኋላ ቀረች። ቀኝ እጇን ሹራቧ ውስጥ ደብቃለች። በአውራ ጣቷ በኩል የእጇ አንጓ ላይ ሕመም ከጀመራት አምስት ወር ሆኗታል። ማሰሮ ማንሳት አትችልም፤ ስልኳን እንኳ በግራ እጇ ነው የምትይዘው። እሑድ እሑድ ግን ሁለቱንም አምልኮ ትጫወታለች፤ ማስታገሻ እየዋጠች። «ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ያለችኝ ይህ ነው፦ «ቲቸር፣ አንተ በአንድ ቀን ጸሎት ዳንክ። እኔ ሦስት ጊዜ ተጸልዮልኝ አልዳንኩም። እምነት የሌለኝ መስሎኝ አፈርኩ።»

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «በርቺ፣ እንጸልያለን» ብዬ ሸኘኋት። ወደ ቤት ስሄድ ግን የአካሌ ሕመም ከዚያ ሌላኛው አነሰብኝ። ይህች ልጅ አምስት ወር የታመመችው በእጇ ምክንያት ነው፤ ያፈረችው ግን በእኔ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ለመጋቢያችን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ማርቆስ 8 ላይ ያለውን የቤተ ሳይዳውን ዕውር ታስታውሰዋለህ?» አስታውሰዋለሁ፤ ደጋግሜ አስተምሬበታለሁ። ጌታ ራሱ እጁን ጭኖበት ታያለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ሰውየው «አዎን፣ ሁሉም ጥርት ብሏል» አላለም። ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው እንደሚታዩት ነገረው። ይህን ለጌታ በፊቱ መናገር! ጌታም አልገሠጸውም፤ እንደገና እጁን ጫነበት። መጋቢያችን ሌላም ጨመሩልኝ፦ በ2ኛ ነገሥት 20 ለሕዝቅያስ የፈውሱን ቃል ያመጣለትና የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግለት ያዘዘው ያው አንዱ ኢሳይያስ ነው። «ትንቢቱም በለሱም ከአንድ አፍ ነው የወጡት» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለክፍሉ ተናገርኩ። ዝርዝሩን አልነግራችሁም፤ አጭር ነበር፤ ድምፄም ይንቀጠቀጥ ነበር። ስጨርስ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣና «ቲቸር፣ እናቴ እኮ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ሥራዋ ይኸው ነው» አለ። አምስት ወር ሙሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እናቱን በሥራ ቦታቸው ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ከመንካታቸው በፊት ብዙ ጠየቁኝ፦ መቼ ጀመረህ፣ ከመጀመሩ በፊት ምን ቀየርክ፣ ጠዋት ስንት ደቂቃ ይይዝሃል። ከዚያ በአንድ እግሬ ቆሜ ተረከዜን ከፍ እንዳደርግ አዘዙኝ። በግራዬ ከሃያ በላይ ሠራሁ፤ በቀኜ ስድስት። «አየህ» አሉኝ፤ «ጅማትህ ተቆጥቶ አይደለም፤ አቅም አንሶት ነው።»

እስቲ ይህን ትንሽ ላብራራው፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ገመድ ነው። በኋላ እግራችን ያለውና ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያገናኘው የአኪለስ ጅማት ይባላል፤ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው ነው። ስንሮጥ ከሰውነታችን ክብደት ከ6 እስከ 8 እጥፍ የሚሆን ጫና ይሸከማል። የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ሲሆን ክሮቹ እንደ ተፈተለ ገመድ ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርድረዋል። የደም ሥሩ ከጡንቻ እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ራሱን የሚጠግነው በዝግታ ነው።

ዝግታው ምን ያህል እንደሆነ ዴንማርክ ያሉ ተመራማሪዎች በሚያስደንቅ መንገድ አሳይተዋል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1963 እ.ኤ.አ. በተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ምክንያት በአየር ላይ ያለው ካርበን 14 ጨምሮ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀንሶ ነበር። ያ ካርበን በምግብ በኩል በሰው ሥጋ ውስጥ ይገባል። ተመራማሪዎቹ የሰዎችን የአኪለስ ጅማት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳወጡት፣ በጅማቱ መካከለኛ ክፍል የተገኘው መጠን ሰውየው ልጅ ሆኖ በሚያድግበት ዘመን የነበረው ነው። ማለትም የጅማታችን እምብርት ቁመታችን እስኪያቆም ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አይታደስም። እናንተ አሁን በ16 እና በ17 ዓመታችሁ የያዛችሁት ጅማት በ60 ዓመታችሁም የምትቆሙበት ነው። ይህን ሲነግሩኝ የሮጥኩበት ጫማ ታወሰኝ።

ታዲያ ጅማት ከለመደው በላይ ጫና በድንገት ሲመጣበትና ለመጠገን ጊዜ ሲያጣ ክሮቹ ይዛባሉ፤ ውኃ ይይዛል፤ ይወፍራል። ዱሮ ይህ ሁሉ «ቴንዲናይቲስ»፣ የጅማት ብግነት፣ ይባል ነበር። ነገር ግን ሐኪሞች ለወራት የታመመን ጅማት በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደጠበቁት በብግነት ሕዋሳት የተሞላ ሆኖ አላገኙትም፤ ያዩት የተዘበራረቀ ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ካሪም ካን፣ ጂል ኩክና ጓደኞቻቸው ይህን የብግነት ተረት እንተወው ብለው ጻፉ። ዛሬ «ቴንዲኖፓቲ» የሚባለው ለዚህ ነው። የስሙ መቀየር ምን ይረባል እንዳትሉ። ብግነት ከሆነ መድኃኒቱ ማረፍና የብግነት ክኒን ነው። የአቅም ማነስ ከሆነ ግን ክኒኑ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ክሩን አያጠነክርም፤ ዕረፍት ብቻውንም ጅማቱን ይበልጥ ያደክመዋል።

የእኔ «ፈውስ» ነገርም እዚህ ላይ ገባኝ። በጾም ጸሎቱ ሳምንት አልሮጥኩም። ያረፈ ጅማት ዝም ይላል። ሕመሙ ሄደ፤ አቅሙ ግን አልተመለሰም፤ እንዲያውም ቀነሰ። ተመልሼ ያንኑ አምስት ኪሎ ሜትር ስጭንበት ያው ጩኸቱን ቀጠለ። የሚመላለስ የጅማት ሕመም ዑደት ይህ ነው፦ ታማችሁ ታርፋላችሁ፣ ይሻላችኋል፣ ባቆማችሁበት ትጀምራላችሁ፣ ይመለሳል። እንዳትሳሳቱ፤ እግዚአብሔር አይፈውስም እያልኩ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት አለ፤ በጸሎትም እስከ ዛሬ አምናለሁ። እኔ የተሳሳትኩት በአንድ ምሽት ያየሁትን «ፈጽሞ» ብዬ በመናገሬ፣ ከዚያም ሲመለስ ዝም በማለቴ ነው።

(አንድ ወንድም ይህ የጳውሎስ መውጊያ ይሆንብሃል ብሎኝ ነበር። ክብር መስሎኝ ለጥቂት ጊዜ ተቀብዬውም ነበር። በኋላ ሳስበው የጳውሎስ መውጊያ በደረጃ ላይ ስፖርት የሚለቅ ዓይነት አልነበረም።)

ወደ ደረጃው ልመልሳችሁ። ሆካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ራሱ የአኪለስ ሕመም ነበረበት። ታሪኩ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው፦ አለቃውን ቀዶ ሕክምና አድርግልኝ ቢለው ጅማትህ ሳይበጠስ አላደርግም አለው። እንግዲያው ልበጥሰው ብሎ እያመመው ከባድ የተረከዝ እንቅስቃሴ መሥራት ጀመረ። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ሕመሙ ሄደ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 በ15 ሯጮች ላይ የ12 ሳምንት ጥናት አወጣ፤ ሁሉም ወደ ቀድሞ ሩጫቸው ተመለሱ። አሠራሩ ቀላል ነው። በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ደረጃ ጫፍ ላይ ትቆማላችሁ፤ በጤነኛው እግር ከፍ ትላላችሁ፤ ክብደታችሁን ወደ ታመመው ታዛውሩና ተረከዛችሁ ከደረጃው በታች እስኪሆን ቀስ ብላችሁ ትወርዳላችሁ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ ሦስት ዙር ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፤ በቀን ሁለት ጊዜ። በቀን 180 ማለት ነው። ሲቀልላችሁ ቦርሳ ትሸከማላችሁ። እኔ የተሸከምኩት የሥነ መለኮት መጻሕፍቴን ነው፤ ከተመረቅሁ ወዲህ እንደዚያ ተጠቅሜባቸው አላውቅም።

ሲስተር 180ውን ለሁሉም አያዙም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ በከባድ ክብደት በዝግታ መሥራትም ተመሳሳይ ውጤት እንደሚሰጥ ስላሳዩ፣ ሥራ የሚበዛበትን ሰው ወደዚያ ይመሩታል። ሕመሙ ከተረከዙ ከፍ ብሎ ሳይሆን ልክ ጅማቱ አጥንቱ ላይ በተጣበቀበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ተረከዝ ከደረጃው በታች እንዲወርድ አያደርጉም፤ እዚያ መጨመቁ ያባብሳል። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ብቻ ደረጃ ላይ አትውጡ፤ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይያችሁ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ያስተማሩኝ ጥያቄ ነው። በየቀኑ «ከአሥር ስንት?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ዜሮ ምንም ሕመም የለም፤ አሥር ከዚያ በላይ ሊታሰብ የማይችል። ስሠራ እስከ አምስት ቢያመኝ ችግር የለውም፤ በማግሥቱ ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ትናንት አብዝቻለሁ ማለት ነው። በስዊድን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት በዚህ ሕግ እየተመሩ መሮጣቸውን የቀጠሉ ሰዎች ሩጫ ካቆሙት ባልተናነሰ ሁኔታ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ለእኔ ይህ አዲስ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፦ ታምሜያለሁ ወይም ድኛለሁ። በመሐል ዘጠኝ ሌላ እውነተኛ መልስ እንዳለ አልታየኝም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም አልለወጡም። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሆዴን አሞኝ ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቼ መዋጥ ጀመርኩ፤ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው። ለሲስተር በጨዋታ መሐል ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቤተሰቦቹ ጅማትን ሊጎዱ፣ አልፎ አልፎም ሊያስበጥሱ ይችላሉ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በማሸጊያው ላይ በጥቁር ሣጥን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆነና ስቴሮይድ ለሚወስዱ ሰዎች አደጋው ይጨምራል። ሐኪም ያዘዘላችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ጅማት የሚያማችሁ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትውሰዱ፤ ያለ ሐኪም ደግሞ ፈጽሞ አትግዙ። «መርፌ ያስወጉኝ» ለምትሉም፦ የስቴሮይድ መርፌ በፍጥነት ያስታግሳል፤ በክርን ጅማት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን ከወራት በኋላ መርፌ የተወጉት ካልተወጉት የባሰ ሆነው ተገኝተዋል። በአኪለስ አጠገብ ደግሞ መበጠስን ስለሚፈሩ ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስትሮጡ ወይም ኳስ ስትጫወቱ አንድ ሰው ከኋላ በርግጫ የመታችሁ መስሏችሁ ዞር ስትሉ ማንም ከሌለ፣ ከዚያም በጣታችሁ መቆም ካቃታችሁ፣ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ወጌሻም ደረጃም የለም፤ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ነው።

በዚያ ወቅት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ደጋግሜ አስብ ነበር። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ልጅ ነበርኩ፤ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ታጭቀን የሲድኒን 10 ሺህ ሜትር አይተናል። ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው የባለቤቶቹ ጠረጴዛ ተገለበጠ። ያኔ ማናችንም ልብ ያላልነው ነገር፣ ኃይሌ የሮጠው በታመመ የአኪለስ ጅማት ነበር፤ ከዚያ ውድድር በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። እኔ ልጅ ሆኜ ከዚያ የተማርኩት «እያመመህም ሮጥ» የሚለውን ብቻ ነው። ከኦሎምፒኩ በኋላ ስላለው የቀዶ ሕክምና አልጋ ግን ማንም ሰፈር ውስጥ ጠረጴዛ አልገለበጠም።

12 ሳምንቱ ሲያልቅ አልዳንኩም። ይህንንም እንዳልደብቃችሁ። ሁሉም ሰው በ12 ሳምንት አይጨርስም፤ አንዳንዱ ዓመት ይፈጅበታል፤ ጥቂቱ ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ እየመጣ ይቆያል። እኔ ከስድስት ወደ ሦስት ወርጄ ነበር። ጠዋት ግድግዳ መያዝ ትቻለሁ። በአንድ እግሬ አሥራ ስምንት ጊዜ ከፍ እላለሁ። ሩጫ የጀመርኩት አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ በመራመድ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፤ በመሐል ቀን እያሳረፍኩ፤ ምክንያቱም ከከባድ ጫና በኋላ ጅማት መጀመሪያ ይፈርሳል፣ ከዚያ ነው የሚገነባው፤ ለዚህም ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል። በየቀኑ የሚሮጥበት ሰው መፍረሱን ብቻ ይደጋግመዋል። አሮጌው ጫማ ለድሃ እንኳ የሚሰጥ ስላልነበረ ጣልኩት።

ኪቦርድ ተጫዋቿ እህታችንስ? እርሷም ሲስተር ዘንድ ሄደች። የእርሷ በአውራ ጣት ጅማት ላይ ያለ ሌላ ዓይነት ነው። ለጥቂት ሳምንት አውራ ጣቷን የሚይዝ ስፕሊንት ተደረገላት፤ ስልክ በአንድ እጅ ይዞ በአውራ ጣት መጻፍ ተከለከለች (ለእርሷ ይህ ከኪቦርዱ የባሰ ነበር)፤ ከዚያ ቀስ በቀስ በጎማ ማሠራት ጀመሩ። የመዘምራን መሪው ደግሞ ከሁለቱ አምልኮ አንዱን ለሌላ ልጅ ሰጠ። ያ ልጅ አሁንም ሁለተኛውን ኮርድ ይሳሳታል፤ ማንም ምንም አይለውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬም በሐምሌ ብርድ፣ ወይም አንድ ሳምንት ደረጃውን ከዘለልኩ፣ ጅማቴ «አለሁ» ይለኛል። እሑድ እሑድ በአንደኛውና በሁለተኛው አምልኮ መካከል በኋለኛው በር ባለው ደረጃ ላይ ቆሜ እሠራለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ከበው ይቆጥሩልኛል፤ ሁልጊዜ አሥራ ሁለትን ይዘላሉ። ባለፈው እሑድ ከእነርሱ አንዷ፣ ስድስት ዓመት ይሆናታል፣ «ቲቸር፣ ድነሃል?» አለችኝ።

ትንሽ አሰብኩና «ከአሥር አንድ» አልኳት።

«አንድ ትንሽ ናት» አለችና ወደ አሥራ ሦስት ቀጠለች።